የሐምሌ ገብርኤል ማታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወገኖቼ፣ ይህን ምስክርነት ስንቴ ጀምሬ እንዳቋረጥኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ባለቤቴ ግን "ስእለትህ እኮ ነው፤ እመሰክራለሁ ብለህ አይደል የተሳልከው?" ትለኛለች። አሁንም አጠገቤ ተቀምጣለች።

ልጄ ኳስ ተጫዋች ነበር። አማካይ፣ ግራ እግር። ያደገው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ፤ የጊዮርጊስ ደጋፊ። አባቴ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድን ዕለት ስታዲየም ነበር። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ሲያነሣ ማየቱን እስኪሞት ድረስ ይተርክ ነበር። እኔም ያንኑ ለልጄ ተረኩለት። ገዲዮን ዘላለም ከዚሁ ከሜሪላንድ ተነሥቶ አርሰናል ሲገባ ደግሞ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ታኬታ ግዙልኝ አለ። የእኔው ግን አልተወውም። ዝናብ ሲጥል እንኳ ግድግዳ ላይ ኳስ ይመታል።

ኮሌጅ በኳስ ገባ። ሰው ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ ሲባል ይሰማል እንጂ የወንዶች ኳስ እንደዚያ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ የዲቪዚዮን አንድ (የኮሌጅ ኳስ ትልቁ ደረጃ) ቡድን የነበረው 9.9 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለሃያ ምናምን ልጅ ያካፍሉታል። ለልጄ የደረሰው ከፊሉ ነው። የቀረውን እኔ በታክሲ ከፈልኩ፣ እናቱም ሁለት ሥራ እየሠራች። ሲመረቅ ለአሜሪካ ትልቁ የኳስ ሊግ፣ ለኤምኤልኤስ፣ አልተመረጠም። ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው በዩኤስኤል አንድ ቡድን አስፈረመው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን ፕሮፌሽናል ነው! ጸሎቴ ሁሉ ስለ ኳሱ ነበር። ጉልበቱን ጠብቅልኝ፣ አሰልጣኙ ይውደደው፣ ኤምኤልኤስ አግባልኝ።

ሐምሌ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ገብርኤል ነው፤ ረቡዕም ነው። ደለስ ኤርፖርት የሾፌሮች መጠበቂያ ቦታ መኪናዬን አቁሜ ጨዋታውን በስልኬ አያለሁ። ቡድኑ ፔንሲልቬንያ ሄዶ ነው የሚጫወተው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ወደቀ።

ማንም አልነካውም። ኳሷም ሩቅ ነበረች። ወደ ኋላ ጥቂት ተራመደ፣ ቆመ፣ ከዚያ በፊቱ ተደፋ። እጁን እንኳ አላስቀደመም። ጓደኞቹ ራሳቸውን ያዙ። ወዲያው ካሜራው ወደ ተመልካቹ ዞረ። ካሜራ ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ኮፐንሃገን ላይ ሲወድቅ ያየሁት ከዚሁ ልጅ ጋር ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው።

ከመኪናው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጮኼ ነበር አሉኝ። ሾፌሮቹ ሮጠው መጡ። አንዱ ቁልፌን ከእጄ ቀማኝና "አንተ አትነዳም፣ ግባ" አለኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። የዚያን ቀን ገቢውን፣ የማግስቱንም ትቶ ነው የነዳልኝ። እግዚአብሔር በልጆቹ ይክፈለው። አንድ ሙስሊም ወንድማችን እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግልኝ በመስኮት አየሁት። እሱንም አልረሳውም። ባለቤቴን ጎረቤቶቻችን ይዘዋት መጡ፤ ፍሬድሪክ ከተማ ላይ አግኝተናት ጉዞ ቀጠልን።

እሷ በስልኳ ብርሃን ዳዊቷን ታነባለች። "አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ፥ የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ።" ስትጨርስ እንደገና ትጀምረዋለች። እኔ ግን አልጸለይኩም። እኔ ተጣላሁ።

ታላቅ ወንድሜ በ19 ዓመቱ እንዲሁ ነው የሞተው። የሠፈራችን ሜዳ ላይ፣ ኳስ ሲጫወት፣ ማንም ሳይነካው። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ታኬታውን ይዤለት ዳር ቆሜ ነበር። ገሚሱ ምች ነው አለ፣ ገሚሱ ቡዳ በልቶት ነው አለ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የኖረችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔም ቤተ ክርስቲያን እየሳምኩ፣ እየጾምኩ፣ በሆዴ ግን እግዚአብሔርን ይዤበት ነበር። ያን ሌሊት ወጣ። "አንዱ አልበቃህም? የወንድሜ አልበቃህም?" አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ባለቤቴ ማንበብ አላቆመችም፤ ከእኔ ድምፅ በላይ ማንበብ ጀመረች።

ከቡድኑ አንድ ሰው ደወለ። "ልቡ መምታት ጀምሮ ነበር፤ አምቡላንስ ውስጥ ግን እንደገና..." አለና ስልኩ ተቋረጠ። የአሌጌኒ ተራራ ዋሻ ውስጥ ገብተን ነበር። ዋሻው ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። እንደገና ምን? እንደገና ቆመ? እንደገና ተነሣ? ባለቤቴ ዳዊቱን ዘጋችና "ገብርኤል፣ ገብርኤል፣ ገብርኤል" ብቻ ትላለች። የሚነዳው ወንድማችን "ኳስ ተጫዋቹ ሙአምባ እኮ 78 ደቂቃ ልቡ ቆሞ ነው የተረፈው፤ እንግሊዝ አገር፣ በፈረንጆቹ 2012። አይተኸዋል አይደል? ተርፏል እኮ!" ይለኛል፤ መሪውን ይዞ እያለቀሰ። ከዋሻው ስንወጣ ስልኩ ጮኸ። "እንደገና ቆሞ ነበር፣ መልሰውታል" አለ ሰውዬው።

ሆስፒታሉ የደረስነው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ልጄ ሞልቶ የተረፈ ቱቦ ውስጥ ተኝቷል። አንጎሉ እንዳይጎዳ ሰውነቱን አቀዝቅዘው፣ በመድኃኒት አስተኝተውታል። ሲነቃ ልጃችሁ ያው ልጃችሁ ይሁን አይሁን አናውቅም አሉን። አንዲት የእኛ አገር ልጅ፣ ነርስ፣ ሥራዋ ሌላ ክፍል ሆኖ ሳለ ወሬውን ሰምታ መጣች። "ጋሼ፣ ውሃ ይጠጡ" አለችኝ። ከዚያ በአማርኛ አስረዳችኝ። ልብ እንዲህ ሲቆም በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ማሽን በዘገየ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል አለችኝ። የልጄ ቡድን ወጌሻ ማሽኑን ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ሥር አንሥቶ ነው የሮጠው። ያን ወጌሻ በኋላ አግኝቼ እጁን ሳምኩት። አፍሮ ሊሸሸኝ ነበር፤ አለቀቅኩትም።

ሊነጋ ሲል ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። "ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣህ ገብርኤል፣ ከጌታ አማልደኝ። ኳሱን ውሰዱት። ኤምኤልኤሱን ውሰዱት። ልጁን ብቻ ተዉልኝ፣ እመሰክራለሁ።" ከወንድሜ ሞት ወዲህ ከልቤ የጸለይሁት ያኔ ነው ብል እውነቴን ነው።

መድኃኒቱን ቀንሰው ሊያነቁት የሞከሩ ዕለት ሐኪሟ ጣቴን ጨምቅ አለችው። ምንም። ዓይንህን ግለጥ አለችው። ምንም። እናቱ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ በሕፃንነቱ ስሙ ጠራችው። የግራ እግሩ ከአንሶላው ሥር ተንቀሳቀሰ። የግራ! ሐኪሟ እንደገና ስትለው እንደገና አንቀሳቀሰው። ባለቤቴ እልል አለች፣ እዚያው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ። ማንም አልከለከላትም።

በሽታው ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል። የልብ ጡንቻ ያለ አግባብ ይወፍራል። ከ500 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ይላሉ፤ ብዙው ሳያውቀው ይኖራል። በዘር ይተላለፋል። ሐኪሟ "በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ?" ብላ ስትጠይቀኝ መልስ ጠፋኝ። ባለቤቴ ናት የወንድሜን የነገረችልኝ። ምች አልነበረም፤ ቡዳም አልነበረም። ሁላችንም ተመረመርን። እኔ አለብኝ። ኳስ የምትጫወተው ትንሿ ልጄም አለባት፤ አንድም ምልክት ሳይታይባት ተገኘ። እሱ ባይወድቅ ኖሮ እሷን ማን ይመረምራት ነበር?

ለልጄ ከቆዳው ሥር ልቡን የሚጠብቅ መሣሪያ ገጠሙለት። ኤሪክሰን እንዲህ ያለውን ይዞ ብሬንትፎርድ፣ ከዚያም ማንቸስተር ዩናይትድ ተጫውቷልና ልጄም ተስፋ አደረገ። የእሱ ሐኪሞች ግን በዚህ በሽታ አንፈቅድልህም አሉት። ኳሱ በዚያ አበቃ። ክረምቱንም በጋውንም በሩን ዘግቶ አሳለፈው።

በዚያ ላይ የኮሪደሩን ስእለት ከእናቱ ሰማ። "አንተ ነህ ኳሱን ውሰዱት ያልከው" ብሎ ለወራት አላናገረኝም። መልስ አልነበረኝም። ብያለሁ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እላለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀድስ ይለኝ ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ ሁለቱንም ብትሰጠኝ ምን ነበር? ይህንንም ጠይቄዋለሁ፤ አልደብቃችሁም።

አንድ ቀን የሐኪም ቀጠሮዬን ትቼ ሥራ ልወጣ ስል ከክፍሉ ወጣ። ቁልፌን ቀማኝ። "ምርመራህን ሳታደርግ የትም አትሄድም" አለኝና ራሱ ነዳኝ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስለ አጎቱ ጠየቀኝ። የት መስመር ነበር የሚጫወተው? መሐል ሜዳ አልኩት። ያን ቀን ብዙ አወራን።

ስእለቴን ቁልቢ ሄደን አብረን አስገብተናል። አሁን በየቅዳሜው የሐበሻ ልጆችን ያሠለጥናል። ያን ልብ የሚያስነሣ ማሽን ለመግዛት ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር፤ የእድራችን ሰዎች አዋጥተው ገዙለት። በዚህ አጋጣሚ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማሽኑ ሜዳው ዳር ሳይቀመጥ ልምምድ አያስጀምርም። ልጆቻችሁን ወደ እሱ ስትልኩም የልብ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃችኋልና አትቀየሙት።