ሐዋሳን፣ ሻሸመኔንና ዲላን በአንድ ኔትወርክ፦ ከ«ስንት ሜጋ» በፊት

ዋና ቢሮው ሐዋሳ፣ መጋዘኑ ሻሸመኔ፣ የቡና መረከቢያው ዲላ የሆነ ድርጅት ሦስቱን ለማገናኘት ሲነሳ «ስንት ሜጋ እንግዛ?» ብሎ ይጀምራል። ሜጋ በኋላም ይጨመራል። የአይፒ አድራሻ አመዳደብ ግን አንዴ ከተበላሸ፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዞሩ ፕሪንተሩን፣ ካሜራውን፣ የጣት አሻራ ማሽኑን ሁሉ መቀየር ነው።

በኤምፒኤልኤስ ቪፒኤን (አገልግሎት ሰጪው ቅርንጫፎቻችሁን በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ለይቶ የሚያገናኝበት አገልግሎት) ሻሸመኔን ከዲላ በቀጥታ የሚያያይዝ የራሳችሁ ሽቦ የለም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚገናኘው ከአገልግሎት ሰጪው የዳር ራውተር ጋር ነው። ያ ራውተር ለእናንተ ብቻ የተለየ የመንገድ ሰንጠረዥ ይይዛል፤ ፓኬቱ (ተከፋፍሎ የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) ላይ 4 ባይት የሆነ መለያ ለጥፎ ወደ ውስጥ ይሰደዋል። መሀል ያሉት ራውተሮች የሚያዩት መለያውን እንጂ አድራሻችሁን አይደለም። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሁለት ድርጅቶች ተመሳሳይ አድራሻ ይዘው በአንድ ፋይበር ቢያልፉ አይነካኩም። ትራፊኩ ተለየ ማለት ግን ተመሰጠረ ማለት አይደለም፤ የደመወዝ መረጃ የሚያልፍበት ከሆነ አይፒሴክ የተባለው ምስጠራ ይጨመርበት።

ጣጣው የአንዱ ድርጅት ሁለት ቅርንጫፎች አድራሻ ሲጋሩ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ራውተር ብዙ ጊዜ 192.168.1.0ን ይዞ ይመጣል። የሐዋሳው ሰርቨር 192.168.1.10 ሆኖ ሻሸመኔም ያንኑ ክልል ከያዘ፣ የሻሸመኔው ኮምፒውተር ሰርቨሩን እዚያው ግቢው ውስጥ ይፈልገዋል፤ ለራውተሩ አይሰጠውም። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ኔትወርክ የለም» ይባላል። ሐዋሳ 10.10.0.0፣ ሻሸመኔ 10.20.0.0፣ ዲላ 10.30.0.0 ቢሰጣቸው ይህ ሁሉ አይመጣም።

ብዙ ቅሬታ የሚነሳበት ሌላው ነገር ይኸው ነው፦ 10 ሜጋ ተከፍሎበት 10 አይገኝም። መስመሩ የሚገባው በ100 ወይም በ1000 ሜጋ ፖርት ነው። ራውተራችሁ በፖርቱ ፍጥነት ይለቃል፤ በወዲያ በኩል ከ10 ያለፈው ይጣላል። ፓኬት በተጣለ ቁጥር ቲሲፒ (የመረጃውን መድረስ የሚከታተለው የአላላክ ሥርዓት) ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መልሶ ይሞክራል፣ እንደገና ይጣልበታል። መፍትሔው በራሳችሁ ራውተር የሚወጣውን ትራፊክ 9.5 ሜጋ ላይ መገደብ ነው። ያኔ ሰልፉ የሚሠራው እናንተ ዘንድ ስለሆነ ስልኩን ማስቀደም፣ የካሜራውን ምስል ወደ ኋላ ማድረግ ይቻላል። በጂ.711 (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር መስፈርት) አንድ የስልክ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከ80 እስከ 90 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ሂሳቡን ከዚያ ጀምሩ።

አይፒሴክ ከተጨመረ ደግሞ የፓኬት መጠን ይመጣል። ፒንግ (መስመር መፈተሻ ትንሽ ፓኬት) ይሄዳል፣ መግቢያ ገጹ ይከፈታል፣ ትልቅ ሪፖርት ሲወርድ ግን ድርቅ ይላል። 1500 ባይት የሞላው ፓኬት ምስጠራው ሲደረብበት አያልፍም፤ «አሳንሱት» የሚለውን መልእክት ደግሞ ፋየርዎሉ ዘግቶታል። በዋሻው (በተመሰጠረው መስመር) ላይ ኤምቲዩውን (የፓኬቱን ትልቁን መጠን) 1400፣ ኤምኤስኤሱን (በውስጡ የሚጫነውን የቲሲፒ መረጃ ልክ) 1360 ባይት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ዋሻ የሌለበትን መስመር ለመፈተሽ ፒንጉን 1472 ባይት አድርጎ «አትቆራርጥ» ማለት ይበቃል፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1500 ይሞላል።

ስለ መብራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ የፋይበር መቀየሪያዋ ትንሽ ሳጥን ግድግዳ ላይ ከቀረች ዩፒኤሱ ለምንም አልተገዛም።

ይህችው ሳጥን መጠባበቂያውንም ታታልላለች። ፋይበሩ መንገድ ላይ ቢቆረጥም በሳጥኗና በራውተሩ መካከል ያለው ሽቦ ሕያው ሆኖ ሊቀር ይችላል። ራውተሩ መስመሩ አለ ብሎ ፓኬቱን እዚያው ሲያፈስ የ4ጂው መጠባበቂያ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በእጅ የተጻፈ መንገድ ካለ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር በየጥቂት ሰከንዱ ፒንግ እያደረገ መልስ ሲጠፋ መንገዱን የሚያነሳ ክትትል ይታሰርበት፤ ካልሆነ አገልግሎት ሰጪው ቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ሥርዓት) ይጠየቅ። መጠባበቂያው መሥራቱን ስትሞክሩም የምትነቅሉት የመዳቡን ኬብል ሳይሆን ፋይበሩን ይሁን።