ትራኩን ካስረዘማችሁ ማርሹንም አውርዱ

የኔ ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 141 ኢንች ትራክ ነበር፤ ትራክ ከሥሩ የሚዞረው የላስቲክ ቀበቶ ነው። አሁን 162 ነው። ስፋቱ ያው 15 ኢንች ሲሆን ትራኩ ላይ የቆሙት የላስቲክ መቅዘፊያዎች ቁመት ግን ከ2.25 ወደ 2.5 አድጓል። ልዩነቱን ለማየት ገደል መውጣት አያስፈልግም። ወገብ በሚደርስ ዱቄት በረዶ ውስጥ ከቆማችሁበት መነሳት ይበቃል። አጭሩ ትራክ ይቆፍርና ይቀበራል፤ ረጅሙ ላይ ላዩን ይዞ ይወጣል።

ብዙ ሰው ግን ትራኩን ገጥሞ እዚያው ያቆማል። ከዚያ "ሞተሩ ደከመ" ብሎ ያማርራል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የበለጠ ላስቲክና የበለጠ በረዶ በድሮው ማርሽ ጎትት ተባለ እንጂ።

መጀመሪያ ልኬቱን እንይ። የትራክ ርዝመት ዙሪያው ነው። ስለዚህ 21 ኢንች ሲጨመር የኋላ አክስሉ ወደ ኋላ የሚሄደው ግማሹን፣ 10.5 ኢንች ነው። ይህን በ15 ስታባዙት በረዶ ላይ የሚያርፈው ቦታ ወደ 1,000 ካሬ ሳንቲሜትር ይጨምራል። ትራኩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በማስረዘሚያ መቀጠል ይቻላል። እኔ ግን ወጥ የሆነ ረጅም ሐዲድ ነው የገዛሁት። በቡሎን በተቀጠለ ብረት ላይ ተቀምጬ መዝለል አልፈልግም፣ ፈሪ በሉኝ። ትራኩ የሚዞርበት የአሉሚኒየም ዋሻም አብሮ መርዘም አለበት፤ አለዚያ ትራኩ ከኋላ ራቁቱን ይቀራል።

ያገለገለ ትራክ የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ፒቹን ጠይቁ። ፒች ማለት ነጂው ጎማ፣ ማለትም ትራኩን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ፣ ትራኩን በሚይዝባቸው ጥርሶች መሃል ያለው ርቀት ነው። የኔ 3 ኢንች ነው፤ 162 ለ3 ሲካፈል 54 ይመጣል። 2.52፣ 2.86 እና 3.5 ኢንች የሆኑም አሉ። 2.86 የሆነ ትራክ በባለ 3 ኢንች ነጂ ጎማ አይዞርም። ሻጩ "ትንሽ ነው ልዩነቱ" ቢላችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

ማውጣትና ማስገባቱ ጉልበት ነው የሚፈልገው። ሰስፔንሽኑ ይወርዳል፣ የካቴናው ቤት (ማርሾቹና ካቴናው ያሉበት ሳጥን) ዘይት ይፈሳል፣ ማርሾቹ ይፈታሉ፣ ነጂው ሻፍት ይወጣል። እዚያ ከደረሳችሁ ኩሽኔታዎቹን ቀይሩ። ለነሱ ብላችሁ ይህን ሁሉ ዳግም አትፈቱትም። ትራኩ የሚዞርበትን አቅጣጫም ከማስገባታችሁ በፊት እዩ።

አሁን የካቴናው ቤት ተከፍቷል። ወደ ማርሹ እንግባ።

የኔ ከላይ 20፣ ከታች 41 ጥርስ ነበረው። 41 ለ20 ሲካፈል 2.05 ነው። ነጂው ጎማ 8 ጥርስ ስላለው በአንድ ዙር ትራኩን 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሳንቲሜትር ይስባል። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር እየዞረ ክላቹ (በቺንጊያ የተያያዙት የፊተኛውና የኋለኛው ፑሊ) አንድ ለአንድ ላይ ቢደርስ ትራኩ በሰዓት 143 ኪሎሜትር ይሮጣል ማለት ነው። 143! ማን ነው ጥልቅ በረዶ ላይ ሽቅብ በ143 የሚወጣው? እኔ ቆጣሪው 60 ካለልኝ ደስተኛ ነኝ።

የፍጥነቱ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ አይሰጠኝም ነበር። ጉዳዩ ክላቹ ጋ ነው። ማርሹ ከፍ ሲል ቺንጊያው በፊተኛው ክላች ላይ ወደ ጠርዙ መውጣት ያቅተዋል። ታች፣ ጠባቡ ዙሪያ ላይ ይቀራል። እዚያ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። የሚበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ የማይመች ቦታ ላይ ነው።

ከፍታውን ጨምሩበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ታች 150 የፈረስ ጉልበት የነበረው 3,000 ሜትር ላይ ወደ 105 ገደማ ይወርዳል። ትራኩ ረዘመ፣ ጉልበቱ ቀነሰ፣ ማርሹ ግን ያው። እንዴት ይሁን?

እኔ የላይኛውን በ19 ቀየርኩት። 41 ለ19 ሲካፈል 2.16 ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ማርሹ ወረደ ማለት ነው። ከፍተኛው ፍጥነት በስሌት ወደ 136 ይወርዳል፤ ለውጡ 5 በመቶ ነው። በወረቀት ሲታይ ይናቃል። ሽቅብ መሃል ላይ ነዳጅ ለቅቃችሁ መልሳችሁ ስትሰጡ ግን ታውቁታላችሁ፤ ሳያቅማማ ይነሳል። አንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነ የድሮው ካቴና በመወጠሪያው ተስተካክሎ ይበቃል። ሁለቱንም ማርሽ ከቀየራችሁ ግን የካቴናው ርዝመት ሊቀየር ስለሚችል አስቀድማችሁ አስሉ። የስኖውሞቢል አምራቹ ፖላሪስ በ2013 ሞዴሉ ፕሮ አርኤምኬ ላይ እንዳመጣው በካቴና ፋንታ ቺንጊያ ያላቸው ደግሞ አንዱን ጥርስ እንዲህ በቀላሉ መቀየር አይመቻቸውም።

ሌላም መንገድ አለ። ባለ 3 ኢንች መቅዘፊያ የሚገጥሙ ሰዎች ከዋሻው ጣሪያና ከራዲያተሩ ጋር እንዳይጋጭባቸው ነጂውን ጎማ ከ8 ወደ 7 ጥርስ ያወርዳሉ። በዚህ ግማሽ ኢንች የሚጠጋ ክፍተት ያገኛሉ። አንዳንዶቹ የማያስተውሉት ማርሹንም በ12.5 በመቶ ማውረዳቸውን ነው። ከዚያ በላይ የላይኛውን ማርሽ በባለ 19 ጥርስ ሲቀይሩት ይበዛል። ትንሹ ጎማ ትራኩን አጥብቆ ስለሚያጥፈውም ጉልበት ይበላል። ለ2.5 መቅዘፊያ ቦታው ከበቃችሁ በ8ቱ ቆዩ ባይ ነኝ።

ክላቹን የማስተካክለው ከማርሹ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ያልተነካ በረዶ ላይ ረጅም ሽቅብ ፈልጌ ሙሉ ነዳጅ እሰጥና የሞተሩን ዙር አያለሁ። አምራቹ ካለው በታች ከሆነ ከክላቹ ክብደቶች ላይ ጥቂት ግራም እቀንሳለሁ፤ ከበለጠ እጨምራለሁ። ከመነሳቴ በፊት በፊተኛው ክላች ገጽ ላይ ከመሃል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር አሰምራለሁ። ቺንጊያው የደረሰበት ድረስ መስመሩ ይጠፋል። ስመለስ ሞተሩን አጥፍቼ የኋለኛውን ክላች በእጄ እነካለሁ። እጄን ማሳረፍ ካቃተኝ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ነው። መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ረጅሙ ትራክ የሚያስከፍለው ነገርም አለ። ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ዛፎች መሃል ሲሆን እንደ እልኸኛ በቅሎ ነው፤ በጉልበት ካልጎተታችሁት አይዞርም። የፊተኛውን የሰስፔንሽን ማሰሪያ ትንሽ ሳሳጥረው የፊት ሸርተቴዎቹ ላይ ክብደት አርፎ መሪው ተሻሽሏል።

ውጥረቱን በመመሪያው መሠረት ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ገደማ አንጠልጥላችሁ ስንት እንደረገበ ማየት ነው። ከላላ ነጂው ጎማ ላይ እየዘለለ ይንኳኳል፣ ከጠበቀ ጉልበት ይበላል። አዲስ ትራክ ስለሚለጠጥ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ መልሳችሁ ለኩት። ኋላውን አንስታችሁ ስታዞሩት ሰው ከኋላ አይቁም።

ቱርቦ ያለው ሰው ግን የኔን ስሌት አይከተል። ከ2020 ጀምሮ ሌላው አምራች ስኪዱ፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ፖላሪስ ከፋብሪካ ቱርቦ ያላቸው የተራራ ሞዴሎች አውጥተዋል። እነሱ ከፍታ ላይ ጉልበታቸውን ስለማይጥሉ ረጅሙንም ትራክ በፍጥነት ማዞር ይችላሉ። እዚያ ባለ 20 ጥርሱ የላይኛው ማርሽ ባለበት ቢቆይ ይሻላል።