የቲግ ማሽን ምርጫዬ፦ ሦስት ወር ፈልጌ የደረስኩበት

ቲግ ማለት በተንግስተን ዘንግ ጫፍ ላይ በሚነድ የኤሌክትሪክ እሳት፣ በአርጎን ጋዝ ከለላ የሚበየድበት ዘዴ ነው። ማሽኑን ስፈልግ መጀመሪያ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ብቻ ነበር፤ ትልቁ አምፔር ላይ። 250 የሚል ካየሁ ልቤ ይሸፍታል። አሁን ግን ቀድሜ የምጠይቀው ትንሹን ቁጥር ነው።

ለብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ገደማ ይበቃል። እኔ ቤት ጋራዥ ውስጥ የምበይደው አብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 200 አምፔር ይተርፈኛል። ያስቸገረኝ ከታች ያለው ነው። ተውሼ የሞከርኩት ማሽን ከ20 አምፔር በታች አይወርድም ነበር። የስስ ላሜራ ጠርዝ ላይ እሳቱን ሳስጠጋ ብረቱ እንደ ቅቤ ቀልጦ ወደኋላ ሸሸ፤ የቀረኝ ቀዳዳ ነው። 5 አምፔር ላይ ሳይርገበገብ የሚነድ ማሽን ካገኛችሁ አትለፉት።

እሳቱን በእግር የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ፔዳልም እንደ ትርፍ ነገር አይቼው ነበር። ተሳስቻለሁ። የብየዳው መጨረሻ ላይ እሳቱን በአንዴ ስቆርጠው የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ትቀራለች። ጠጋ ብዬ ሳያት መሐሏ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። በፔዳል ቀስ እያልኩ ስቀንሰው ግን ጉድጓዷ ትሞላለች። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ቶርቹን (በእጄ የምይዘውን መበየጃ) ቶሎ አላነሳም፤ ብየዳውን ከአየር የሚከልለው አርጎን ጥቂት ሴኮንድ ይፍሰስበት።

ትልቁ ውሳኔ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ያለው ልግዛ ወይስ አልግዛ የሚለው ነበር። ብረትና ስቲንለስ ብቻ ለሚሠራ ሰው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው) በቂ ነው፣ ገንዘቡንም ይቆጥባል። እኔ ግን አልሙኒየም መበየድ እፈልጋለሁ። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያንን ሽፋን የሚገፍፈው ኤሲ ነው። ሥራውን በዓይን ታዩታላችሁ፤ በብየዳው ግራና ቀኝ በረዶ የመሰለ ነጭ መስመር ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የማሽኑ ዲዩቲ ሳይክል (ሳያርፍ የሚሠራበት ጊዜ) 200 አምፔር ላይ 60 በመቶ ከተባለ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ለጋራዥ ይበቃል። የቤታችሁ ብሬከር ማሽኑን መቻሉን ግን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠይቁ።

በመጨረሻ ኤሲም ዲሲም ያለው፣ ፔዳል የሚቀበል ባለ 200 ወሰድኩ። ትናንት ማታ አልሙኒየም ላይ አምስት መስመር ሠራሁ። ሦስቱ ላይ የተንግስተኑን ጫፍ የቀለጠው አልሙኒየም ውስጥ ነክሬዋለሁ፤ በነከርኩ ቁጥር እንደገና መሞረድ ነው። አምስተኛው ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት የማዕዘን ብየዳ እጀምራለሁ።