የብሉዝ ጊታር ፍለጋ፣ ደሴ ፒያሳ

ዛሬ ሁለት ያገለገሉ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ስነካካ ዋልኩ። አንዱ ስኳየር ስትራቶካስተር፣ ሌላው ኤፒፎን ሌስ ፖል። ሌስ ፖሉ ሲያምር! ሀምበከር (የክሩን ንዝረት የሚይዝ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ስላለው ድምፁ ወፍራም ነው፣ እዝታም አያበዛም። ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስትራቱ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ነው፤ ትንሽ እዝዝ ይላል። አንገቱ ጋ ያለውን ፒክአፕ መርጬ አንዷን ክር ገፋ አድርጌ ሳስለቅሳት ግን... በቃ፣ ብሉዝ!

ለነገሩ ለወሎ ልጅ ብሉዝ ሩቅ አይደለም። ከ«ዶ» የሚነሳው የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ኖታ ከ«ላ» ሲጀመር ያው ብሉዝ የሚጫወትበት ማይነር ፔንታቶኒክ ስኬል ነው።

የስትራቱ አንገት አልተጣመመም፣ ፍሬቱም (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) አላለቀም። እሱን ልወስድ ነው። በሚተርፈኝ ብር ቀጭን ክር (09 የሚባለውን ውፍረት) እና ትንሽዬ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እፈልጋለሁ። መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ጎረቤት ይረፍ።