ባለ አምስት ቅጽ የሳይንስ ልብ ወለድ ወደ ድራማ ሲመለስ

ደሴ የሚኖሩ አንድ ደራሲ የጻፉትን ባለ አምስት ቅጽ የሳይንስ ልብ ወለድ ወደ ተከታታይ ድራማ ስመልስ፣ የሚያገኘኝ ሁሉ የጠፈር መርከቡን በምን ገንዘብ እንደምንሠራው ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን የገጸ ባሕርያቱ ሐሳብ ነው። ታሪኩ ማርስ ላይ ስለ ሰፈሩ የወሎ ልጆች ሲሆን፣ ውሃ እንዴት ተጣርቶ እንደሚመለስ፣ ለየቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚደርስ፣ በዚህም የተነሣ ማን ማንን እንደሚፈራ የምናውቀው በልባቸው ከሚያወጡት ከሚያወርዱት ነው።

ይህ በገንዘብ ብቻ የሚፈታ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው «ዱን» የተሰኘ የሳይንስ ልብ ወለድ በ1984 በአንድ ፊልም ሲጠቃለል የገጸ ባሕርያቱ ሐሳብ በሹክሹክታ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በ2021 እና በ2024 የወጡት ፊልሞች ግን ያንኑ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ከፍለው፣ ብዙውን ነገር ለተዋንያኑ ፊትና ለዝምታ ተዉት።

እኔም ተራኪ ድምፅ ላለመጠቀም ቆረጥሁ። ስለ ውሃ ክፍፍል የተጻፉትን በርካታ ገጾች ትቼ በምትካቸው አንድ የቡና ትዕይንት አስገባሁ። እማማ ረከቦቱን ዘርግተው፣ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተው አቦሉን ይቀዳሉ፤ እንግዶቹ ጠጥተው ሲጨርሱ ቶናውን እንደ መጣድ፣ ትንሿ የልጅ ልጃቸው ሲኒዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ ትሰበስባለች፤ ማንም ምንም አይልም። ቶናና በረካ ሳይደርስ እንግዳ የማይነሣበት አገር ያደገ ተመልካች፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃው ማብራሪያ አይሻም። ደራሲው «ይህ በመጽሐፌ የለም» ብለው ሞገቱኝ። «ጋሼ፣ ሐሳቡ የእርስዎ ነው፤ እኔ የሚታይ አደረግሁት እንጂ» አልኋቸው፤ ደግመው ካነበቡት በኋላ ተቀበሉት።

ርዝመቱም የራሱ ጣጣ አለው። መጽሐፍ «ሠላሳ ዓመት አለፈ» ብሎ ሊሻገር ይችላል፤ ድራማ ግን ተዋናይ መቀየር ይኖርበታል። ዘጠኝ ልብ ወለዶች ያሉት «ዘ ኤክስፓንስ» ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ተመልሶ በ6 ሲዝን ሲያበቃ፣ ከስድስተኛው መጽሐፍ በኋላ ያለው የሠላሳ ዓመት ገደማ ዝላይ ሳይነካ ቀርቷል። በእኛም አራተኛው ቅጽ ላይ ሰፈሩን የምትመራው ያቺው የልጅ ልጅ ስለሆነች፣ አምስቱንም ቅጽ ጨርሼ ሳላነብ አንድ መስመር አልጻፍሁም፤ በመጀመሪያው ቅጽ ስሟ ብቻ የሚነሣውን ልጅ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ሲኒ አስያዝኋት። አድጋ በሌላ ተዋናይት ስትመጣም የምትታወቀው በዚያው የአጠራረግ እጇ ነው።

ሦስተኛውን ቅጽ የሚሞላውን ጦርነት ሰፈርተኛው በሬዲዮ ብቻ እንዲከታተለው አድርጌዋለሁ። ደራሲው ቢያንስ የመጨረሻው ውጊያ መታየት አለበት ስላሉ፣ ያንን ክፍል በሁለት መልክ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።