ትዕዛዝ ቁጥር 257

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላው አንድ ቁጥር ነው። 257።

ለአንድ ሱቅ የሠራሁት የትዕዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ለሳምንታት ያለ ኮሽታ ቆይቶ፣ ጠዋት ላይ "ትዕዛዙ አልተገኘም" ማለት ጀመረ። ዳታቤዙን ከፈትኩ። ትዕዛዙ ቁጭ ብሏል። ሁለቱን ቁጥሮች ፕሪንት አደረግሁ፤ 257 እና 257። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ግን አንድ አይደሉም ብሎ ድርቅ አለ። ላፕቶፑን ሁሉ አጥፍቼ አበራሁ (አዎ፣ ያሳፍራል)።

አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ብቅ ብላ አየችና "እስቲ አይዲያቸውን (id) አውጣው" አለችኝ፤ ፓይተን ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጠውን መለያ ቁጥር ማለቷ ነው። ሁለት የተለያዩ ረጃጅም ቁጥሮች ወጡ። ለካ ሳነጻጽር በ== ፈንታ "ኢዝ" (is) ብዬ ጽፌያለሁ።

"መቶ ብር ባበድርህ ያንኑ ኖት ነው የምትመልስልኝ?" ብላ ሳቀችብኝ። == ዋጋቸው እኩል ነው ወይ ይላል። ኢዝ የሚጠይቀው ግን ያው ራሱ ኖት ነው ወይ ብሎ ነው።

ታዲያ እስከ ትናንት እንዴት ሠራ? እኔ የምጠቀምበት የፓይተን ስሪት ከ-5 እስከ 256 ያሉትን ቁጥሮች አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ በተፈለጉ ቁጥር ያንኑ ያቀብላል። ከዚያ በላይ ላለው እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ስህተቴ ከመጀመሪያው ቀን እዚያው ነበር፤ 256 ትዕዛዝ ሙሉ ተሸፍኖልኛል።

ማታ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ስኒዋን ሰብሬ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ከመርካቶ ገዝቼ ረከቦቱ ላይ አስቀመጥኩ። አንስታ አገላብጣ አየችውና "ይሄ የኔ አይደለም" አለች።