1.4 ሴንቲ ሜትር

ትርፍ አንጀት ማስወጣት ደሴ ውስጥ ወሬ አይሆንም። ያምሻል፣ ትሄጃለሽ፣ ያወጡልሻል፣ ከቀናት በኋላ ቤትሽ ነሽ። እኔም እንደዚያው ወጣሁ። ሐኪሙ ግን የወጣውን አልጣለውም። ፎርማሊን ባለበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትቶ፣ ስሜን በፕላስተር ላይ ጽፎ ለወንድሜ ሰጠውና "ፓቶሎጂ አድርሰው" አለው፤ ከሰውነት የወጣ ነገር በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል ነው። ወንድሜ ክፍያውን ሲሰማ "ለወጣ አንጀት ደግሞ ብር!" ብሎ ተነጫነጨ።

ውጤቱ ኒውሮኢንዶክራይን ቱመር ሆነ፤ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ ነው። የድሮ ስሙ ካርሲኖይድ ነው። ከመቶ ትርፍ አንጀት አንዱ ላይ እንኳ አይገኝም። መጠኑ 1.4 ሴንቲ ሜትር።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጥር አያስፈራኝም። ይሄኛው ግን ክፉ ቦታ ነው የወደቀው። እብጠቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የትርፍ አንጀቱ መውጣት ይበቃል። ከ2 ካለፈ የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል ከነንፍፊቶቹ ይቆረጣል፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻም አብሮ ይሄድና የቀረው ይሰፋል። መሀሉ ላይ ያለው ሐኪሞችን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው።

እማዬ ዘንድ ክርክር የለም። "ከነሰንኮፉ ያውጡልሽ!" አጎቴም ከወልድያ ደውሎ ያንኑ አለ። ጎረቤታችን ብቻ "አብሽሪ፣ ዱዓ እናደርጋለን" ብለው ቡናቸውን ጠጡ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ደህና ምክር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የውጤቱን ወረቀት ገልብጦ ጀርባው ላይ አንጀት ሣለልኝ፤ ሥዕሉስ አያምርም። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነው የነበረው" አለና የትርፍ አንጀቱን ጫፍ በእስክሪብቶ አጠቆረው። ሥሩ ላይ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው። ደረጃው አንድ፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚያድግ። አጠገቡ ወዳለው ስብ የገባው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ደም ሥር ውስጥ አልገባም። ሲቲ ስካኑም ንጹሕ።

ከዚያ በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ነገረኝ። በ15 የአውሮፓ አገሮች እብጠታቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ 278 ሰዎች ታዩ። 163ቱ ትርፍ አንጀታቸው ብቻ ወጣ፣ 115ቱ የቀኝ አንጀታቸውም ተቆረጠ። ክትትሉ በአማካይ 13 ዓመት ነው። በዚህ እብጠት የሞተ አንድም ሰው የለም፣ ከሁለቱም ወገን።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። አንጀታቸው ከተቆረጠው ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ንፍፊቱ ውስጥ የዕጢው ሴል ተገኝቶበታል። ደነገጥኩ። "እኔም ጋ ቢኖርስ?" ማታ እያረምኩ የነበረውን የተማሪዎች ደብተር ትቼ ሳስበው ግን ነገሩ ዞረ። ሁለቱ ወገኖች ከተመሳሰሉ፣ ካልተቆረጡትም ውስጥ አንዳንዶቹ ያንኑ ሴል ይዘው ነው የኖሩት። ግን አልሞቱም። ታዲያ ምን ላተርፍ ብዬ ነው የምቆረጠው? ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ተቅማጥ አይለቀውም። አስተማሪ ሆኖ ተቅማጥ! አርባ አምስት ደቂቃ ቆሞ ማስተማር አለ እኮ።

አልቆረጥም አልኩ። ሐኪሙም "እኔም ለእህቴ ይህንኑ ነበር የምመክራት" አለኝ።

ይሄ እንግዲህ ለኔ ዓይነቱ ነው። አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ወይም ጎብሌት ሴል ያለበት፣ ከኔው የባሰ የካንሰር ዓይነት ቢሆን ኖሮ፣ እማዬ ትክክል ነበረች፤ ለእነሱ የቀኙ አንጀት መቆረጥ የተለመደው ሕክምና ነው። ንፍጥ የሚያመርተው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ከፈነዳ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይበተናል። ሁሉም "የትርፍ አንጀት ዕጢ" ይባላል እንጂ አንድ አይደለም።

እማዬ እስካሁን አልተዋጠላትም። የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀት ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ነገ ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ሌላ ሐኪም ጋ ብሄድ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።